ጋቢ የለበሰው መንገድ

ወንበሬ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ እኔም አብሬው።

ማሽኑን የቤተ ሙከራው ሠራተኞች «ወባ» ይሉታል። ከወልቂጤ ወጣ ብሎ በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የተተከለ፣ የምግብ ጠረጴዛ የሚያክል ብረት ነው። ላዩ ላይ የመኪና ወንበር በብሎን ያስሩበታል፣ ወንበሩ ላይ ሰባ አምስት ኪሎ አሸዋ በከረጢት ይጭኑበታል፣ ከዚያ ማብሪያውን ሲጫኑት ብረቱ ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው ይንዘፈዘፋል። አንድ ወንበር መንገድ ላይ በዓመታት የሚያየውን መከራ ወባው በአርባ ሰዓት ያሳየዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳበታል፣ ለምሳ ይተወዋል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይለቀዋል። በቀን ስምንት ሰዓት፣ አምስት ቀን።

ለደንበኛ ከመስታወቱ ጀርባ መቀመጫ ተዘጋጅቷል። አልተቀመጥኩበትም። የእግሩ ብየዳ ቀሽም ነው፣ አይቼዋለሁ። እየተንጎራደድኩ ነው የዋልኩት፤ ከመስታወቱ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ከበሩ እስከ መስታወቱ አሥራ አንድ። እጄ ሥራ ሲፈታ የሚይዘው አያጣም፤ ጠረጴዛው ላይ የተረሳች የክብሪት ሣጥን የምታክል ጥቁር ሴንሰር ነበረች፣ እሷን ሳገላብጥ ጣቶቼ ጠቆሩ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለኝ ኢንጂነር ደረጄ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል። «ከወንበሩ በፊት አንቺ ትሰበሪያለሽ።»

«እኔ በብሎን አልታሰርኩም» አልኩት።

ሳቀ። ደረጄ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ወልቂጤ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሰው አይጎዳም፣ ግን ዲግሪውን እንደ ጃንጥላ ይዞት ይዞራል፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም። ወንበሬን ገልብጦ ከስፖንጁ ሥር የነጠፍኩትን የእንሰት ቃጫ ያየ ቀን፣ ይሄ የሚቀመጡበት ነው ወይስ ለክትፎ የሚቀርብ ብሎኝ ነበር። ቆጮው ይበላል፣ ቃጫው ያስራል አልኩት፤ ሁለቱን የማይለይ ሰው ወንበሬን ሊፈትን መቀመጡ ገርሞኛል አልኩት። ስፖንጅ ብቻውን በዓመቱ ይሞታል። ሦስት ጣት ውፍረት ያለው የቃጫ ምንጣፍ ሥሩ ካለ ግን ሰው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከተገለበጡ መኪኖች ወንበር ፈትቼ፣ ስልኬ ላይ በቱርክኛ የሚለፈልፉ ሰዎችን እያየሁ ነው የደረስኩበት። ቱርክኛ አልችልም። ብረት ግን እችላለሁ።

ታዲያ ምን አንቆራጠጠሽ የሚለኝ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ለአረፋ በዓል ከየከተማው አገር ቤት የማይገባ የለም። በዚያ ሳምንት ቡታጅራ ላይ ሚኒባስ የሁለት ሰው ወንበር ላይ ሦስት ይጭናል፣ ከእግር ሥር ከረጢት፣ ከከረጢቱ ላይ ሕፃን። አምና በዚያ ግርግር አንዱ ወንበር ከእግሩ ተገንጥሎ ተገለበጠ። ሁለቱ ተሳፋሪዎች ተረፉ፤ እትዬ ናጃህ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ግን ዳሌዋ ተሰበረ። አታት ሆስፒታል ወስደዋት፣ ስንት ወር ተኝታ፣ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ያ ወንበር የአባቴ እጅ ሥራ ነበር።

አባቴ ሳኒ ሃያ ሁለት ዓመት ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ የመኪና ወንበር ሠርቷል። ከዚያ ቀን በኋላ መዶሻውን ሰቀለ። ከተማው ግን አልሰቀለለትም። ዛሬም ሰው ተስፋ ያደረገበት ነገር ሲከዳው «እንደ ሳኒ ወንበር ጣለኝ» ይላል፤ ቁማር የተበላውም፣ እጮኛው የተወችውም። አንድ ቀን ሰፈራችን ያለች የስድስት ዓመት ሕፃን ስትለው ሰማሁ፣ ስለ ገመድ ዝላይዋ። የተዘጋውን ሱቁን መልሼ የከፈትኩት በማግስቱ ነው።

የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር አሥራ ሁለት መኪና አለው። የሁሉም ወንበር ከአረፋ በፊት ይቀየራል ተብሏል። ሊቀመንበሩ ሐጂ ሙስተፋ የአዲስ አበባ ወንበር አስመጪዎችም እኔም ባለንበት ቁርጡን ተናገሩ፤ ከቤተ ሙከራ «አልፏል» የሚል ወረቀት ያመጣ ይሠራል፣ ያላመጣ አይሠራም፣ የመጨረሻው ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ለነሱ የአንድ ሥራ ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን የቤታችን ስም ከሰው አፍ የሚወርድበት ወይም እዚያው የሚቀርበት ቀን ነው።

ከደረጄ ጋር የተጣላነው ገና ወንበሩን ሳናስር ነው። ወባው ዝም ብሎ አይንቀጠቀጥም፤ የተቀዳ መንገድ ይሰጡታል፣ እሱን እየደጋገመ ይጫወታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሲያሳየኝ የየት አገር መንገድ ነው አልኩት። የውጭ ነው፣ ደረጃውን የጠበቀ ነው አለኝ። የሐጂ ሙስተፋ መኪኖች እዚያ ይሠራሉ እንዴ አልኩት። ጉድጓዱ ሁሉ እኩል ነው፣ እንደ መሰላል ደረጃ ተራ ጠብቆ ይመጣል። የኛ ጉድጓድ ወረፋ አያውቅም።

«አንቺ የት ነው የተማርሽው?» አለኝ።

«ቡታጅራ መናኸሪያ።»

መሳቢያ ከፍቶ ያቺን ጥቁር ሴንሰር አወጣ። ማግኔት አላት፤ የወንበር እግር የሚቆምበት የመኪና ወለል ላይ ትለጠፋለች፣ መኪናው ሲሄድ ወለሉ የተመታውን ሁሉ ትቀዳለች። ከቡታጅራ ወልቂጤ አንድ ጊዜ ይዘሻት ነይ አለኝ፤ ያንቺን መንገድ ለወባው እሰጠዋለሁ። ዋጋዋንም ነገረኝ። ዋጋዋን ባይነግረኝ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

ራሴ ይዣት መሄድ ነበረብኝ። ግን የወንበሩ ልብስ ገና አልተሰፋም፣ የቀረኝ ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ሴንሰሯን ከድሮ የሚባለው አጎቴ መኪና ውስጥ ለጠፍኳት። አጎቴ ከድሮ የእናቴ ወንድም ነው፣ በዚያ መስመር ላይ ከሱ የከፋ ነጂ የለም። ጉድጓድ ሲያይ እንደ ዘመድ ሮጦ ነው የሚገባበት። ለአባቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሥራ ያላሳጣው እሱ ነው። ትክክለኛውን ሰው መረጥኩ ብዬ ነበር። ሴንሰሯን አሳየሁት፣ ዋጋዋን ነገርኩት፣ «አደራ፣ አጎቴ» አልኩት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

በማግስቱ መለሰልኝ፤ አንድ ጭረት የላትም።

ደረጄ ቅጂውን ከፍቶ ግንባሩን አጨማደደ። ማያ ገጹ ላይ ያለው መስመር ነፋስ እንደነካው ኩሬ ትንሽ ይርገበገባል እንጂ አይዘልም።

«ይሄ መንገድ ነው ወይስ ፍራሽ?» አለ።

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ትንሽ አንሶብኝ ነበር። ግን ሰው ቀድሞ ከተናገረው በኋላ እኔም እንዲያ አስቤ ነበር ማለት አልወድም። የአጎቴን መንገድ የምትጠራጠር ከሆነ ነገ ተሳፍረህ እየው፣ ጥርስህን ግን ቤት ትተህ ና አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ቅጹ ላይ «የመንገዱ ቅጂ በደንበኛዋ የቀረበ» ብሎ ጻፈ፣ አስፈረመኝም። ፊርማዬ ሰፊ ነው፣ መስመሩን አልፎ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ነው አራተኛው ቀን ላይ የደረስነው፣ አምስተኛውም አለፈ። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወባው ለቀቀው። ደረጄ በባትሪ እየተሳበ እያንዳንዱን ብየዳ አየ፣ ስንጥቅ የሚያጋልጥ ቀይ ፈሳሽ ቀባ፣ ጠረገ፣ ደግሞ አየ። ምንም የለም። ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታ። «አልፏል» ይላል፣ በትልቁ። አክስቴ ቤት አድሬ በማግስቱ ማልጄ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከትቼ፣ ፕላስቲኩን በደብተር ውስጥ፣ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ሴንሰሯም ነበረች። ሳገላብጣት ሰንብቼ ይዣት ወጥቻለሁ። ስርቆት አይደለም፣ መርሳት ነው። ቢያንስ ግማሹ።

አጎቴ ከድሮ ከጎኑ ጋቢና አስቀመጠኝ። እንደ ሙሽራ ጥሩምባ እየነፋልኝ ከወልቂጤ ወጣን። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ የቡታጅራ ገበያ ነው፣ መኪናው ጢም ብሏል። ጉብሬን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የመጀመሪያውን ጉድጓድ እንደ ልማዱ በሙሉ ልቡ ገባበት፤ ጭንቅላቴ ጣሪያ መታ። ከኋላ አንድ ሰው አላህን ጠራ። እኔ ሳቅኩ። ያን ቀንም እንዲህ አድርገህ ነድተህልኝ ነው ያለፍኩት አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። መንገዱን ማየት ትቶ እኔን አየኝ።

«አብጃለሁ እንዴ? አደራ ብለሽኝ?»

ምን ማለትህ ነው አልኩት። በኩራት ነገረኝ። ገና ከቡታጅራ ሲወጣ ያቺ ነገር ወለሉ ላይ ስትንገጫገጭ ሰምቶ አላስቻለውም። ይህን የሚያክል ዋጋ ያለው ዕቃ በብረት ላይ ይፈጫል? ቆመ፣ ነቀላት፣ በጋቢው አራት እጥፍ ጠቀለላት፣ ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረላት። ተሳፋሪ እንኳ አልጫነም። ጉድጓዱን በሙሉ ዞሮ፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ከከብት ኋላ ሳያጮህ እየጠበቀ፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅበትን መንገድ ስድስት ሰዓት ፈጀበት። ወልቂጤ መግቢያ ላይ ከጋቢው ፈትቶ ወደ ነቀላት ቦታ መለሳት።

«እንቁላል እንኳ ብትሰጪኝ አይሰበርም ነበር» አለኝ።

ምን እላለሁ? አገሩ በአደራ የሚኖር አገር ነው። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ቸሃ ላለች እናቱ የሚልከውን ብር ስሙን በማያውቀው ሹፌር እጅ ይሰጣል፣ ይደርሳል። አደራ ከተባለ ሰው ራሱ ይሰበራል እንጂ ዕቃው አይሰበርም። እሱ ያደረገው የሚያስመሰግን ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሲመታ እንዲውል የምፈልገውን ነገር አደራ ብዬ ሰጠሁት። ወንበሬ አርባ ሰዓት ሙሉ የተንቀጠቀጠው በቡታጅራ መንገድ አይደለም። በአጎቴ ጋቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ቡታጅራ እስክንገባ አልተናገርኩም። አጎቴ እኔ ዝም ስል ታምሜያለሁ ብሎ ያስባል፣ ሁለት ጊዜ ውኃ ገዛልኝ።

መናኸሪያ ስንደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አጎቴ ራሱ ሌሊቱን ደውሎ ነዝቶታል። ረዳቶቹ «ኢንጂነር ሩፋይዳ» እያሉ ጮሁልኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን መልስ ነበረኝ። በመካከላቸው እትዬ ናጃህ በምርኩዟ መጣች። ከአምና ወዲህ ጋቢና ካልሆነ አትሳፈርም፤ ጋቢና ከተያዘ የሚቀጥለውን መኪና ትጠብቃለች፣ እሱም ከተያዘ ቅቤዋን ይዛ ቤቷ ትመለሳለች። ገበያዋ ግማሽ ሆኗል። አባቴን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ ያ ነው አልጋ ላይ የጣለው።

እጄን ያዘችኝና «ልጄ፣ ወንበሩ አለፈ አሉ። አሁን ልቀመጥበት?» አለችኝ።

አዎ ማለት አንድ ቃል ነው። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ማኅተም አለው፣ ውሸት ነው የሚል ሰው በዓለም ላይ የለም፤ አጎቴም ምን እንዳበላሸ አያውቅም፣ ደረጄም አያውቅም። አፌ ተከፈተ። «ቆዪ፣ እትዬ» ነው ያልኩት። «ትንሽ ቆዪኝ።»

ከጁምዓ በኋላ የማኅበሩ ቢሮ ገባሁ። ሐጂ ሙስተፋ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ብዕራቸውን አነሱ። ከመፈረማቸው በፊት እጄን ወረቀቱ ላይ አደረግሁ። ቢሮው ውስጥ ሦስት አራት ባለንብረቶች ነበሩ።

«ወረቀት አምጪ አልኩ፣ አመጣሽ» አሉ ሐጂ። «ሌላ ምን ቀረ?»

«ወረቀቱ ልክ ነው፣ ሐጂ። መንገዱ ነው ልክ ያልሆነው። እንደገና ላስፈትን።»

ከባለንብረቶቹ አንዱ የሳኒ ልጅ ወንበሩ ሳይጥላት ራሷ ወረደች አለ። ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ ዓርብ ዓርብ ነው፣ አንድ ቀን አልጨምርልሽም፣ አዲስ አበቦቹ ወረቀታቸውን ከትናንት ወዲያ አስገብተዋል አሉኝ። ከምሣ ሰዓት በኋላ ወደ ወልቂጤ የሚመለሰው የአጎቴ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

በዚህኛው ጊዜ ለአጎቴ ምንም አልነገርኩትም። እሱ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲያሳስር ጎንበስ ብዬ ሴንሰሯን ከመጨረሻው ወንበር እግር ሥር ለጠፍኩና ከላይዋ ተቀመጥኩ። የሁለት ሰው ወንበር ላይ ሦስት ሆንን። ከግራዬ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ የታቀፈች ሴት፣ ከቀኝ ዶሮ የያዙ ሽማግሌ። አጎቴ ተራራውን እየዘፈነ ወጣ። ሲወርድ ደግሞ ፍሬን ያለው መሆኑን ረሳ። አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ፣ ቆጮው ጉልበቴ ላይ ወደቀ፣ ዶሮው ጮኸ። እኔ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ደግሞ፣ ደግሞ እላለሁ በልቤ። ልቤ ብቻ አልነበረም መሰለኝ፣ ሽማግሌው ጸሎት ላይ ያለሁ መስሏቸው አሚን አሉልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረጄ መስመሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። የዚህኛው መስመር ከማያ ገጹ ሊወጣ ይታገላል። የበፊተኛው ምንድን ነበር አለኝ። መንገሩ ከመንገዱ የባሰ ነበር። ከጋቢው ጀምሬ ነገርኩት፣ ቀበቶውንም አልደበቅኩም። ሰውየው ጠረጴዛ ይዞ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲያበቃ፣ አንተም ፍራሽ ነው ብለህ ነበር፣ ትክክል ነበርክ አልኩት። ያኔ ሳቁን አቆመ።

«አዲስ ወንበር ነው የማስረው ወይስ ያንኑ?» አለ።

«ያንኑ። ሌላ የለኝም። ቢኖረኝም ያንኑ።»

ወባው እንደገና ተነሳበት። የአሁኑ ድምፅ ሌላ ነው፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ አብሮ ይጮኻል፣ የአሸዋው ከረጢት ከመቀመጫው እየተነሳ ይወድቃል። ቅዳሜ አለፈ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። እኔ አሥራ አንዱን እርምጃ ትቼ መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ምሳ አላስታወስኩም። አክስቴ ልጅቷ እየከሳች ነው ብላ እናቴ ጋ ደወለች። ረቡዕ ከሰዓት፣ ሠላሳ አንደኛው ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ ቀጭን ድምፅ ገባ፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ሲፋጭ የሚሰማ ዓይነት። ደረጄ አልሰማውም። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም።

ዘጠኝ ሰዓት ነበር የቀረው። በዚህ ሐቀኛ መንገድ ላይ ዘጠኝ ሰዓት። ሊያልፍም ይችል ነበር።

«አቁመው» አልኩት።

የኋላው ግራ እግር ነበር። ብየዳው አፍ አውጥቶ ነበር፣ ጥፍር የሚያስገባ። ቃጫው እንዳለ ነው፣ ስፖንጁ እንዳለ ነው፣ ብረቱ አልተጣመመም። ያ አንድ ቦታ ብቻ። ተንበርክኬ ጣቴን አስገባሁበት፣ ያኔ ገባኝ። እኔ ብየዳ ስጨርስ በሞረድ አለሰልሰዋለሁ፤ ሻካራ ብየዳ የሰነፍ ነው ብዬ፣ ሰው እጁን ቢሰድ መጋጠሚያው የት እንደሆነ እንዳያውቅ አድርጌ። «ብየዳሽ አይታይም» ይሉኛል፣ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም ነበር። የማይታየው ለካ የለም ማለት ነው። ሥጋውን ሞርጄ ጥዬ ቆዳውን ነው ያስቀረሁት። ይህን ከቱርኮቹ አልተማርኩም። ልጅ ሆኜ በሱቁ በር ቀዳዳ ካየሁት ነው፤ አባቴ ከሥራው ሁሉ አብዝቶ ጊዜ የሚሰጠው ለሞረዱ ነበር።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ደወልኩለት።

«አባ፣ የናጃህን ወንበር እግር ሞርደኸው ነበር?»

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«እንዲያምር ነበር» አለኝ።

ማንም አላስተማረኝም ስል የኖርኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሙስተፋ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገር አስቀመጥኩ፤ «አልፏል» የሚለውን ወረቀት፣ «በሠላሳ አንደኛው ሰዓት ተሰንጥቋል» የሚለውን ወረቀት፣ የተሰነጠቀውንም እግር። ጋቢውን፣ አደራውን፣ ሞረዱን ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ባለንብረቶቹ አልሳቁም፤ አንዱ እግሩን አንስቶ አገላበጠው። ሐጂ ብዙ ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ ያሉትን የጠበቅኩት ነው፤ ቃል ቃል ነው፣ አሥራ አንዱ መኪና ለአዲስ አበቦቹ ተሰጥቷል። አሥራ ሁለተኛው የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ አጎትሽ ከድሮ የሌላ ሰው ወንበር መኪናዬ አይገባም ብሎ ትናንት ከዚህ ተጣልቶ ወጣ አሉኝ። ከዚያ የተሰነጠቀውን እግር ወደ መሳቢያቸው ከተቱት። መልሱልኝ ስላቸው እንቢ አሉ። አዲስ አበቦቹ ዕቃቸውን ሲያራግፉ፣ በየትኛው መንገድ ነው ያለፈው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፣ እስከ ዛሬ መጠየቅ አላወቅኩም ነበር አሉ።

ለአረፋ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። አባቴ መዶሻውን አወረደ። ሞረዱን እኔ ደበቅኩት። ብየዳውን ወፍራም፣ የተቆለለ፣ እንደ አባ ጨጓሬ ጀርባ አስቀያሚ አድርገን ተውነው፤ አባቴ በየመሀሉ እጁ ወደ ሞረዱ ቦታ ይሄዳል፣ ባዶ ሲሆንበት ይመለሳል። የመጀመሪያዋን ወንበር ወደ ወልቂጤ ወሰድኳት። ደረጄ በሐቀኛው መንገድ አርባ ሰዓት አስሮ፣ ሳልለምነው አሥራ ሁለት ሰዓት ጨመረባት። ብየዳዋ አልተሰነጠቀም። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቅጹ ላይ የመንገዱን ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ያለ ጋቢ» ብሎ ጽፎ ነበር። ቀልዱን ተቀበልኩት፣ አንድ ጊዜ።

በአረፋ ዋዜማ ጠዋት መናኸሪያው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የአጎቴ መኪና ጋቢና ተይዟል። እትዬ ናጃህ በሩ ላይ ቆመች፣ ውስጡን አየች፣ እኔን አየች። ገብታ አልተቀመጠችም መጀመሪያ። ምርኩዟን ለረዳቱ ሰጥታ፣ እንደምንም ጎንበስ ብላ፣ እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች፤ ቅቤ ሲገዛ ዳር ዳሩን እንደሚነካ ሰው ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እንዲህ አስቀያሚ?» አለች።

«እሱ ነው የሚይዝሽ፣ እትዬ።»

ተቀመጠች። ከጎኗ ተጨናንቄ እኔም ተቀመጥኩ፣ ሦስተኛም ተጨመረብን። አጎቴ ከድሮ በመስታወቱ ናጃህን ሲያያት ፊቱ ተለወጠ፤ እጁ ጭኑ ላይ ወዳለው ጋቢ ሄደ፣ የሚጠቀልላት ይመስል።

«ቀስ ልበል፣ ሩፊ?» አለኝ።

እትዬ ናጃህ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች።

«እንደ ወትሮህ ንዳ፣ አጎቴ» አልኩት።